በአብራሪው ትከሻ ላይ ስለቀሩት አራት ጣቶች

ይድረስ ለመታሰቢያ ቴምብሮች ዝግጅት ክፍል ዋና ኃላፊ፣
ስብሰባው ባለበት አዳራሽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን አለ? ወገብዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለሚነገረኝና ይህን ያህል የተቀመጠ ሰው ወገቡ ደህና ይሆናል ብዬ ማመን ስላቃተኝ ነው። ባለቤትዎና ልጆችዎ ሰላም ይሁኑልዎ። እናትዎም በሕይወት ካሉ ዓይናቸው በርቶ፣ እጃቸው ሞልቶ ይኑሩልዎ። እጃቸው ሞልቶ ስል ስለ ገንዘብ ማለቴ አይደለም፤ ስለ ጣት ማለቴ ነው። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

እኔ የሴት ልብስ ሰፊ ነኝ። እርስዎ ባያውቁኝም በር ላይ የሚፈትሹት ሰውዬ በደንብ ያውቁኛል፤ አሁን አሁንማ ቦርሳዬን ከመክፈታቸው በፊት መቀሴን ቤት ጥዬ መምጣቴን ይጠይቁኛል። ለጦር አውሮፕላን አብራሪዎች መታሰቢያ ብላችሁ ካወጣችኋቸው ቴምብሮች መካከል በሦስተኛው ላይ ያለው ሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ያ ከኋላው ሰማይ የተዘረጋለት፣ ከንፈሩን ግጥም ያደረገው፣ በትከሻው ላይ ወርቃማ መስመር የተደረደረለት። ስሙን ከሥዕሉ ሥር ስላጻፋችሁት እዚህ አልደግመውም፤ ሰፈራችን ግን ሽቅቤ ነበር የሚለው። ልጅ ሳለ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር ሽቅብ እያየ ስለሚሮጥ ቦይ ውስጥ ሳይወድቅ የዋለበት ቀን አይታወስም፤ ጉልበቱ ቆስሎ ሳይድን ነው ያደገው።

ወንድሜ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ወጀብ በበዛበት ቀን ከነአውሮፕላኑ ሐይቅ ገባ፣ አልወጣም። ፈለጉት፣ አላገኙትም። ስለዚህ መቃብር የለውም፤ እማዬም ሄዳ አጠገቡ የምትቀመጥበት ድንጋይ የላትም። የነበራት አንድ ፎቶግራፍ ነው። የቀሩት ፎቶግራፎቻችን ጣራው አፍስሶባቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ቀርተዋል። ይህ ደብዳቤም ስለዚያው አንድ ፎቶግራፍ ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለኝም፤ ሹመትም ሽልማትም አልጠይቅም። ያለ ተራ ቁጥር የቀረበ ቅሬታ እናንተ ቤት እንደማይነበብ ስለተነገረኝ ነገሬን እንደ ደንቡ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፦ ቤታችን ድረስ መጥታችሁ ስላከበራችሁን።

ከረባት ያሰረ፣ አነጋገሩ ቅቤ የጠጣ ሠራተኛዎ ወደ ቤታችን መጥቶ፣ ከወንበር ላይ ያልተቆረጠ የደንበኛ ጨርቅ አንስቼለት ተቀመጠና፣ አገር ልጆቿን ልታከብር እንደተነሳች፣ ለዚህም የጀግናው ፎቶግራፍ እንደሚያስፈልግ አስረዳን። እማዬ ሌላ ሰው እንዲያወርደው አልፈቀደችም። መስኮቱ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ራሷ አወረደችው፤ መስተዋቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ ከዚያም ከክፈፉ አውጥታ፣ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጋ፣ በቦርሳ ሳይሆን በእጁ እንዲይዘው አዘዘችው።

ፎቶግራፉ ወንድሜ በአብራሪነት የተመረቀ ዕለት የተነሣ ነው። እማዬ እኔ የሰፋሁላትን፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ቀሚስ ለብሳ አጠገቡ ቆማለች። አጭር ስለሆነች ተረከዟን አንሥታ፣ እጇን ከጀርባው አዙራ፣ በወዲያኛው ትከሻው ላይ ጣቶቿን አሳርፋለች። እሱ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይስቃል፤ ቦይ ውስጥ የተሸረፈችው የፊት ጥርሱ ሳትቀር ትታያለች። ለምን እንደሚስቅ የማውቀው አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር ነው። ያ ሁሉ ጄኔራልና ያ ሁሉ ሰልፍ ባለበት ሜዳ ላይ እማዬ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ፣ እዚያ ላይ ነፋስ አይጠፋምና አንገትህን ሸፍን ብላው ነው።

ክቡር ሆይ፣ እማዬ የዓይን ግፊት በሽተኛ ናት። ይህንንም ለሠራተኛዎ አልደበቀችውም። የዓይን ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየጠበበ እንደሚሄድ ነግሯት ነበርና፣ ልጄ፣ ብርሃኔን ሳልጨርስ አምጣልኝ አለችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ኧረ እማማ፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት ብሎ ማለላት። ሳምንት ሲባል የማን ሳምንት እንደሆነ ጠይቀን አለመረዳታችን የእኛው ድንቁርና ስለሆነ በዚህ ቅር አንሰኝም።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥርሱ።

ቴምብሮቹ በተመረቁበት ዕለት ላደረጋችሁልን አቀባበል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እማዬን ከፊት ረድፍ፣ የጀግና እናት የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ወንበር ላይ አስቀመጣችኋት። ጥቂት ቆይቶ አንድ ትልቅ ሰው ሲመጡ ከነወረቀቷ አንሥታችሁ ከምሰሶው ኋላ አደረጋችኋት። ስለ ጀግና እናቶች የተደረገውን ረጅም ንግግርም ምሰሶውን እያየች ሰማችው። ምሰሶው ጥሩ ምሰሶ ነው፤ ቀለሙም አዲስ ነበር።

መጋረጃው ተገልጦ ትልልቅ ሆነው የተሠሩት ቴምብሮች ሲታዩ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እማዬ አንገቷን ከምሰሶው በዚህም በዚያም እያሰገገች አየችና፣ ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው አለችኝ። ያንቺ ነው እማዬ አልኳት። የኔ ልጅ ይስቃል እንጂ እንዲህ አይቆጣም አለች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ምሰሶው መለሰች።

እኔ ግን አንደበቴ አያርፍምና ሠዓሊያችሁን ፈልጌ ጠየቅሁት። ጨዋ ሰው ነው፣ ለስላሳ መጠጥ ጋበዘኝ። ጀግና ጥርሱን እንደማያሳይ፣ ይህም የእሱ ፈቃድ ሳይሆን የመመሪያ ጉዳይ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝ። አመሰገንኩት። ያ ሁሉ ዓመት ለሥራ ሲሄድም፣ ሲበርም፣ ጓደኞቹ እንደሚሉት ወደ ሐይቁ ከመሄዱ በፊት በሬዲዮ ሲሰናበትም ሲስቅ የኖረን ሰው በአንድ ብሩሽ አደብ አስገዛችሁልን። የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቴምብር ዙሪያውን ጥርስ በጥርስ የሆነ ወረቀት ነው። ከዚያ ሁሉ ጥርስ መካከል ለወንድሜ አንዲት የተሸረፈች ጥርስ ቦታ ጠፍቶ ነው?

ሦስተኛ፦ ስለ ሹመቱ።

ወንድሜ የሞተው ትከሻው ላይ ሁለት መስመር እንዳለ ነው። የእናንተ ቴምብር አራት አድርጎለታል። ይህን መጀመሪያ ያየው የበረራ ጓደኛው ነው፤ አሁን ከበረራ ወጥቶ መኪና መንዳት ያስተምራል። አንድ ሙሉ ገጽ ቴምብር ገዝቶ ወደ እኔ መጣና፣ ይህ ሰውዬ ደግሞ መቼ ነው እኔን የበለጠኝ እያለ እየሳቀ አሳየኝ። እየሳቀ ሳለ ቴምብሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ ሳቁን አቆመና፣ እስቲ አጉሊ መነጽር ካለሽ አምጪ አለኝ።

ቀጭን ስፌት የማይበት አጉሊ መነጽር አለኝ። እየተቀባበልን አየን። መስመሮቹ አራት ናቸው፤ ግን እኩል አይደሉም። አንደኛው አጠር ብሎ ወደ ጎን ፈንገጥ ብሏል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ላይ ደግሞ ሠዓሊያችሁ አንዲት ድቡልቡል ወርቃማ ቁልፍ አስቀምጧል። እኔ ያቺን ቁልፍ አውቃታለሁ። የእማዬ የጋብቻ ቀለበት ናት። አጭሩ መስመር ትንሿ ጣቷ ነው፤ የሰው ልብስ ስታጥብ በበረኪና ብዛት የቆረፈደው፣ ከዚያ ወዲህም አልቃና ያለው። ሠዓሊው በወንድሜ ትከሻ ላይ ያረፉትን አራት የእናቴን ጣቶች አይቶ ማዕረግ መስለውት ወርቅ ቀብቷቸዋል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ይባላል? ልጇን በገዛ እጇ የሾመች እናት ያላት አገር የእኛዋ ብቻ ትሆናለች፤ ለዚህም ክብር ያበቃን ቢሮዎ ነው። ለእማዬ ስነግራት ዓይኗ እንባ እስኪያቅር ሳቀች። አለቆቹ ቀድመው ቢያማክሩኝ አውራ ጣቴንም እጨምርላቸው ነበር፣ ከጀርባው ደብቄው ነው እንጂ አለች። ከዚያም ሳቋን ጨርሳ፣ ፎቶው ተገኘ ማለት ነው? አለችኝ። ጣቶቿን ካዩት ፎቶው እጃቸው ላይ አለ ማለት ነው ብላ ነው። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

አራተኛ፦ ስለ ደረጃዎቻችሁ።

ሕንጻችሁ ደረጃው ሰፊ፣ መደገፊያውም የጸና ስለሆነ፣ ለጉልበቴ የሚሆን እንቅስቃሴ ሳጣ ለከረምኩት ለእኔ ታላቅ ውለታ ነው። የሥዕል ክፍሉ ማተሚያ ቤት ነው አለኝ። ማተሚያ ቤቱ ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ለመዝገብ ቤት አስረክበናል አለ። መዝገብ ቤቱ ፎቶግራፍ ወረቀት ስላልሆነ እኛ ዘንድ አይቀመጥም፣ የአየር ኃይል ቅርስ ክፍልን ጠይቂ አለኝ። ቅርስ ክፍሉ ደግሞ የሚመለከተው የሥዕል ክፍሉን ነው ብሎ እንደገና ወደ መጀመሪያው ደረጃ መለሰኝ። የአብዬን ወደ እምዬ ሲባል ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አብዬና እምዬ በአንድ ሕንጻ ውስጥ የተለያየ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ ግን አላውቅም ነበር።

ከመስኮቱ ኋላ የምትቀመጠው ባለ መነጽሯ ልጅ ብቻ ናት አንጀቷ የራራልኝ። አንድ ቀን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ካየች በኋላ፣ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ቤት የገባ ነገር በእግሩ አይወጣም፣ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። ይህን በመናገሯ እንዳይቀጧት እለምንዎታለሁ፤ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ጭብጥ ያለው ንግግር የእሷ ብቻ ነው።

እኔ ደረጃ ስወጣና ስወርድ እማዬ ቤት ውስጥ ምን ታደርግ እንደነበር ልንገርዎ። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በመስኮቱ ሲገባ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች። ፎቶግራፉ እዚያ ሳለ በየጠዋቱ የምታደርገው ነው፤ ከወሰዳችሁት በኋላ ግን ፊት ለፊቷ ያለው ባዶ ምስማር ብቻ ነው። ምስማሩን ልንቀለው ስል አትንኪው ተመልሶ ይመጣል አለችኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ዛሬስ? ትለኛለች። ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው እላታለሁ። ምናለ እነሱም ትንሽ ቢያርፉ ትላለች፤ የምታሾፍ እንዳይመስልዎ፣ አዝናልዎት ነው።

መጀመሪያ መርፌዬ ውስጥ ክር ማስገባት ተወች። ቀጥሎ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወዲያ አስቀምጣ ለቀቀችው፤ ሲሰበር ማንም እንዳያያት ይመስል ፈጥና አጎነበሰች። ከዚያ በር ላይ ቆሜ ሳያት ማነሽ አለችኝ። አንድ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ሳለ፣ ልጄ፣ እስቲ መብራቱን አብሪልኝ አለች። ማብሪያ ማጥፊያውን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረግሁላት። አመሰግናለሁ አለች።

ያን ዕለትም እናንተ ዘንድ መጥቼ ነበር። ለማስታወስ ያህል ነው፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

አምስተኛ፦ ስለ እርማቱ።

ለዚህ ጥፋት ተጠያቂዋ እኔ ራሴ ስለሆንኩ ምስጋናዬም ይቅርታዬም አብረው ይድረሱዎ። ፎቶግራፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ብዬ፣ በቴምብሩ ላይ ያሉት መስመሮች ማዕረግ ሳይሆኑ የእናቴ ጣቶች መሆናቸውን፣ ይህን የሚያረጋግጠውም ዋናው ፎቶግራፍ እናንተ ዘንድ ያለው መሆኑን ገልጬ አመለከትሁ። የሞኝ ነገር፣ ፎቶግራፉን ያወጡታል ብዬ አሰብሁ። በዚያው ሰሞን የቀድሞ አብራሪዎችም ማዕረጉ ከእውነቱ በዝቷል ብለው አቤት ብለው ኖሯል።

እንዲህ የፈጠነ ምላሽ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ለፎቶግራፉ ዓመት ያልበቃው ቢሮ ቴምብሩን አርሞ ለማሳተም ጥቂት ሳምንት በቃው። አዲሱን ገዝቼ በአጉሊ መነጽሬ አየሁት። ከአራቱ መስመሮች ሁለቱ ተነሥተው ሁለቱ ቀርተዋል። ሌባ ጣቷና መሀል ጣቷ አሉ፤ የቀለበት ጣቷ ከነቀለበቷ፣ ትንሿም ከነመቆረፈዷ የሉም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ማዕረጉ ተስተካክሏል፣ ታሪክ ተቃንቷል፣ አቤቱታዬም ምላሽ አግኝቷል ተብሎ ተዘግቷል። እኔ ግን የእናቴን ሁለት ጣት በገዛ ማመልከቻዬ ያስቆረጥኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ቴምብሩን እንኳ ማየት የማትችልበት ጊዜ ነበርና መደበቅ አላስቸገረኝም። ሰው በእናቱ መታወር እፎይ የሚልበትን ቀን ስላሳያችሁኝ ይህንንም ከውለታችሁ ቁጠሩልኝ።

ስድስተኛና የመጨረሻ፦ ስለ ትርፉ።

ፎቶግራፉ መጣ። ጠፍቶ የቀረ እንዳይመስልዎ፣ ውለታ ቢስ አይደለሁም፤ መጥቷል። በካኪ ፖስታ፣ በእኛው በወንድሜ ቴምብሮች ተለጥፎ፣ በፊቱም ላይ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ጥቁር ሆኖ ተመትቶ መጣ። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ ከፈትሁት። ወንድሜ እዚያ አለ፤ ይስቃል፤ ጥርሱ አለች። አራቱም ጣቶች በትከሻው ላይ ናቸው። እማዬ ግን የለችም። ከብብቱ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ተቆርጣለች። ከነጠብጣቡ ቀሚሷ የቀረ ስስ ሰማያዊ ቁራጭ ብቻ ከጠርዙ ላይ ይታያል።

ሱቁን ክፍቱን ትቼ ወደ እናንተ ሮጥሁ። በዚያ ዕለት የሚያነጋግረኝ ሰው አገኘሁ፤ ምክትልዎ ናቸው አሉኝ። ቁጭ አድርገው፣ ውኃ አስቀድተው፣ ሳይቆጡ አስረዱኝ። ሥዕሉ ከቴምብሩ ልክ ጋር እንዲሄድ ፎቶግራፉ አስቀድሞ እንደሚስተካከል፣ የሚያስፈልገው አብራሪው ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ትርፍ እንደሆነ ነገሩኝ። ትርፉስ የት ሄደ አልኳቸው። ትርፍ ይጠረጋላ አሉኝ፤ የገረማቸው ጥያቄዬ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔም በመቀስ የምተዳደር ሰው ነኝና መቁረጥን አልነቅፍም። ነገር ግን በእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። ደንበኛ ጨርቅ አምጥታ ልብሷን ስትወስድ፣ የተረፈውን ቁራጭ ምንም ያህል ቢያንስ ጠቅልለን ከልብሱ ጋር እንሰጣታለን። ለምን ቢሉ ጨርቁ የእሷ ነው፤ የእኛ መቁረጡ ብቻ ነው። ወይ ለማጣፊያ ትፈልገዋለች፣ ወይ ትጥለዋለች፤ ብትጥለውም የምትጥለው እሷ ናት። ቁራጭ የሚያስቀር ልብስ ሰፊ ሰፈር ውስጥ ሌባ ይባላል፣ ደንበኛም ድርሽ አይልበትም። እኔ ይህን ልማድ ከአገር ቢሮ ጋር ማወዳደሬ ድፍረት ከሆነ ይቅር በሉኝ፤ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ መጣልሽ አልኳት። ሌላ ነገር ማለት አልቻልኩም። እጇን ታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ ተቀበለችኝ። ወደ ፊቷ አላቀረበችውም፤ እንደማታየው ታውቃለች። በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ጠርዙን ዳሰሰችው። መልሳ ዳሰሰችው። ከዚያም በቀስታ፣ ጠቧል አለች። ዝም አልሁ። ጨርቅ ነው እንዴ ታጥቦ የሚሰበሰበው አለች። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ዝምታዬ ምን እንደቆረጠ ታውቃለች። እኔ ወጥቻለሁ ማለት ነው? አለችኝ። አዎ እማዬ አልኳት።

 እኔ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፎቶግራፉን አቃናችና፣ ትከሻው በየት በኩል ነው? አለች። ጣቷን ይዤ በጣቶቿ ላይ አሳረፍሁላት። አራቱም አሉ? አለች። አራቱም አሉ አልኳት፤ ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት ሁለት ማለት ስላልነበረብኝ ብቻ እግዜርን አመሰገንሁት። እንግዲያው አልለቀቅሁትም አለች። አንገቱንም ሸፍኜለታለሁ ብላ እኔ ያላየሁትን አስታወሰችኝ፤ ጣቶቿ እውነትም ወደ አንገቱ ተጠግተው ነው ያረፉት። ከዚያ ባዶ ክፈፉ ውስጥ መልሳ አስገብታው፣ ምስማሩ ጋ ሄዳ በዳሰሳ ራሷ ሰቀለችው። ተዛንፎ ነው የተሰቀለው፤ አላቃናሁትም።

አሁን ከእርስዎ ምን እንደምፈልግ ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። ብርሃኗን መልሱ አልልም፤ ያንን የዓይን ሐኪሙም አልቻለም። ሠዓሊውን ቅጡ አልልም፤ ያየውን ነው የሣለው። ምክትልዎን አልከስም፤ ውኃ ሰጥተውኛል። ተከራክሬ የት እንደምደርስ አላውቅም፤ ጉልበቱም ገንዘቡም የለኝም፤ ቢኖረኝም ነገሩ የተጠረገ ነገር ነው። እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ከምሰፋው ልብስ ላይ እንባዬ እየተንጠባጠበ ደንበኛ ከማስቀይም ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍሁት። እንዲያነቡትም አልጠብቅም፤ ጊዜ እንደሌለዎት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቢሮዎ በቅርቡ ለመርከበኞችም መታሰቢያ ቴምብር ሊያወጣ ፎቶግራፍ እየሰበሰበ መሆኑን በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ለእነዚያ እናቶች የምመክረው ምክር አለኝ፤ ፎቶግራፍ ስትነሡ ከልጃችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እጃችሁንም ወደ ኪሳችሁ ክተቱ።

ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅ፣ ወገብዎም እንዲጸናልዎ እየተመኘሁ፣ የተረፈኝን አክብሮት ሳልጠርግ ጠቅልዬ እልክልዎታለሁ፤

የሦስተኛው ቴምብር ታላቅ እህት፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምናልባት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ኋላ ያልተጠረገ ነገር ካለ ጽዳት ሠራተኞችዎን ያስጠይቁልኝ። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ቀሚስ የለበሰች፣ ተረከዟን አንሥታ የቆመች፣ አንድ እጇ ወደ አንድ ሰው ትከሻ እንደተዘረጋ የቀረ፣ ከዚያው እጇ አራት ጣት የጎደላት አጭር ሴት ብትገኝ እናቴ ናት። እሷን ብቻ ይላኩልን። ጣቶቿን አትፈልጉ፤ እነሱ የያዙትን ይዘዋል።